አስረኛ ዲን ያሰራት አሚን

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለውን ተረት የተረተው ሰው የቆቦ ሰው ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን ተረቱን ሰምቼ አርፌ አልተቀመጥኩም። ከስልሳ አራት የክፍል ጓደኞቼ ጋር ሆኜ፣ ከአፋችን የወጣችን አንዲት ባለ ሦስት ፊደል ቃል ወደነበረችበት ልንመልሳት ለፍተናል። ቃሏ «አሚን» ናት። እንዴት እንዳመለጠችን፣ አምልጣም የት እንዳደረሰችን ላውጋችሁ። የማወጋችሁ ደግሞ እያፈርኩ አይደለም፤ ደስ እያለኝ ነው። ማፈር የነበረብኝ ቦታ ላይ ስደርስ እነግራችኋለሁ፤ እናንተው እፈሩልኝ።

ነገሩን የጀመረው የዜግነት ትምህርት አስተማሪያችን ቲቸር አበራ ነው። («ነው» ስል ያልተቀጣሁ ልጅ እንዳልመስላችሁ፤ «አንቱ አትበሉኝ፣ ገና ሚስት አላገባሁም» ያለን ራሱ ነው።) ቲቸር አበራ አንድ ነገር ከገባው፣ ያ ነገር ለሌላው ሰው ሁሉ እስኪገባ ድረስ ምሳው አይዋጥለትም። አንድ ቀን ከመጽሐፉ ወጣ አለና አሜሪካኖች ፕሬዝዳንታቸውን እንዴት እንደሚመርጡ ሊያስረዳን ተነሣ። ሰሌዳው ላይ ካርታ ሳለ። ካርታው፣ እውነቱን ለመናገር፣ የተደፋ ጀሪካን ይመስል ነበር። ማንም ግን አልሳቀም፤ ሙቀቱ የሳቅ ጉልበት አልተወልንም።

«እዚያ አገር ሰው ዝም ብሎ ተነሥቶ ፕሬዝዳንት አይመርጥም» አለን። «በየስቴቱ ነው የሚመርጠው። አንድ ስቴት ውስጥ በአንድ ሰው ብልጫም ቢሆን ያሸነፈ፣ የስቴቱን ድምፅ ጠቅልሎ ይወስዳል። ሁሉም ባይሆኑ አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው።»

ሞገስ እጁን አወጣ። ሞገስ ከኋላ የሚቀመጥ፣ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤት ጥንቅሽ እየመጠጠ የሚመጣ፣ ክፍል ውስጥም ጉንጩ ሥር ቅሪት የማያጣ ልጅ ነው። (ጥንቅሽ እንደ ሸንኮራ የሚመጠጥ የማሽላ አገዳ ነው። የኛን ቆላ ለማታውቁ ነው የምነግራችሁ፤ አለማወቃችሁ በጣም ያሳዝነኛል።)

«ቲቸር፣ የተሸነፈውን የመረጡት ሰዎች ድምፅስ?»

«አብሮ ይጠቀለላል።»

«እንዴ! ሳይፈልጉ?»

«ሳይፈልጉ።»

«እንዲህማ ከሆነ ከኛ ቤት በምን ይለያል!» አለ ሞገስ። ስድስት እህቶች አሉት።

ቲቸር አበራ ቀጠለ። ብዙዎቹ ስቴቶች ለማን እንደሚሰጡ ከወዲሁ ይታወቃል፤ ተወዳዳሪዎቹም እዚያ ብዙ አይደክሙም። ጥቂት የሚወላውሉ ስቴቶች ግን አሉ። ሩጫው ሁሉ ወደነሱ ነው። ሄደው ከሰዉ ጋር ሻይ ይጠጣሉ፣ ሕፃን ያቅፋሉ፣ የገበሬ ባርኔጣ ያደርጋሉ። ያች አንዲት ስቴት ወዴት እንደምታዘነብል ለማወቅ አገር ሁሉ ጆሮውን ይቀስራል።

ይህ ነገር ቲቸር አበራን በጣም ስለጣፈጠው፣ የአስረኛ ክፍል ተማሪዎች ፕሬዝዳንት በዚሁ መንገድ እንዲመረጥ ርእሰ መምህሩን አስፈቀደ። ከኤ እስከ ጂ ሰባት ክፍሎች አሉን፤ ሰባቱ ሰባት ስቴት ሆኑ። ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ የኤዋ ሰላምና የጂው ጀማል። ሰላም ስትናገር እንደ መጽሐፍ ናት፤ ነጠላ ሰረዟ ሁሉ ይሰማል። ጀማል ደግሞ የታወቁ መራቂ ሽማግሌ የልጅ ልጅ ነው። አያቱ ሲመርቁ ዝናብ ይመጣል ይባላል፤ እሱ ሲናገር ቢያንስ ደመናው ይሰበሰባል።

ወሬው ወዲያው ተጣራ። ኤ፣ ቢ እና ሲ ለሰላም። ኢ፣ ኤፍ እና ጂ ለጀማል። ሦስት ለሦስት። የቀረነው እኛ፣ አስረኛ ዲ። ወላዋይዋ ስቴት ሆንን ማለት ነው!

በሕይወቴ ወላዋይ ተብዬ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ቤት ሮጬ ገባሁ።

«እማዬ፣ እማዬ! ክፍላችን ወላዋይ ተባለ!»

«ማነው እንዲህ ያላችሁ?» አለች እማዬ፣ የያዘችውን ሽንኩርት አስቀምጣ።

«ቲቸር ነው! ሁሉም ነው!»

«አንቺ ደግሞ ሞኒተሯ ነሽ?»

«አዎ!»

«የወላዋዮች አለቃ» አለችና ሽንኩርቷን መልሳ አነሣች። «በይ፣ ለአባትሽ እንዳትነግሪው፤ ሰሞኑን ደሙ ከፍ ብሏል።»

አሁን ቀልዱን ትንሽ ልግታውና አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ከአስረኛ ክፍል ሁሉ ከሰዓት በኋላ የምንማረው እኛ ዲዎች ብቻ ነን። ክፍል ጠበበ ተብሎ ከዘጠነኛዎች ጋር ከሰዓት ተደረግን። በቆቦ ከሰዓት በኋላ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ሦስት ሦስት ሆኖ በአንድ ዴስክ መቀመጥ ምን እንደሚመስል እንድታውቁት አልመኝላችሁም። እኛ ግን ለምደነዋል፤ ሙቀት ሰውን አያስቀርም። ሐዋን ሊያስቀራት የነበረው ሰዓቱ ነው።

ሐዋ የዴስክ ጓደኛዬ ናት። ከጎብዬ ነው የምትመላለሰው። ስንለቀቅ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ሚኒባሱ ሞልቶ ካልፈሰሰ አይንቀሳቀስም። ጎብዬ ስትወርድ ለዓይን ያዝ ያደርጋል፤ ከአስፋልቱ እስከ ቤቷ ደግሞ መንገድ አለ። አባቷ ክፉ ሰው አይደሉም። በየቀኑ ከብቶቹን ለጎረቤት አደራ ብለው አስፋልት ዳር ቆመው ይጠብቋታል። ግን አንድ ቀን እንዲህ አሏት፦ «ልጄ፣ መማርሽን ጠልቼ አይደለም። በመሸ ቁጥር ነፍሴ አስፋልት ላይ ትቀራለች። የዚህ መንፈቅ ትምህርት ሲያልቅ ወይ ጠዋት ያድርጉሽ፣ ወይ ይቅርብሽ።»

ሐዋ በሒሳብ ከክፍላችን አንደኛ ናት። እኔ በሒሳብ ከሐዋ ቀጥሎ የተቀመጥኩ ነኝ፤ ዴስክ ላይ ማለቴ ነው። ስለዚህ የሐዋ መቅረት የሁለት ሰው መቅረት ነበር።

ሰላም ለቅስቀሳ ስትመጣ መጀመሪያ ያደረገችው፣ «ምን ቸገራችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ነገርናት። «ከቤተ ሙከራው ጀርባ የተሰበሩ ዴስኮች የታጎሩበት ክፍል አለ» አለች። «እሱን አስለቅቄ እናንተን ጠዋት አስገባችኋለሁ።» ሐዋ ጠረጴዛው ሥር እጄን ጨመቀችው። እስካሁን ያመኛል።

እና ወላዋይነታችን በዚያው ቀን አለቀ። ስልሳ አምስታችንም ለሰላም ነበርን። ታዲያ ለምን ለሰው አልተናገራችሁም በሉኝ። እፈሩልኝ ያልኳችሁ ቦታ ይህ ነው፦ ማስቲካ። የጀማል ደጋፊዎች «ልባችሁ ወዴት ነው?» እያሉ በየቀኑ ማስቲካ ያድሉን ነበር። ልቡ የታወቀ ሰው ማስቲካ አይሰጠውም። ስለዚህ ፊታችንን እያወላወልን ማኘክ ነው።

ሰኞ ከሰዓት ጀማል ራሱ መጣ።

ንግግር ያደርጋል ብለን ተዘጋጅተን ነበር። ለንግግር መልስ አለን፤ ለክርክርም መልስ አለን። ጀማል ግን ፊት ለፊታችን ቆመና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሁለት እጁን ዘረጋ።

በኛ አገር ሰው እጁን ሲዘረጋ እጅ አይታጠፍም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም መዳፉን ወደ ላይ ይከፍታል፤ ይህ ከእናታችን ሆድ ይዘነው የመጣነው ነው። ስልሳ አምስት ጥንድ መዳፍ ተከፈተ።

«ከክፉ ዓይን ይሰውራችሁ!» አለ ጀማል።

«አሚን!»

«የማታውቁት ጥያቄ ይለፋችሁ፣ የምታውቁት ይደጋገምላችሁ!»

«አሚን!» ይህንንስ ከልባችን ነው።

«የቆቦን ፀሐይ ጥላ ያድርግላችሁ!»

«አሚን!»

«እናት አባታችሁን ያቆይላችሁ፣ ማሽላችሁን ከወፍ ይጠብቅላችሁ!»

«አሚን!»

«ማትሪክን እንደ ደረቅ ወንዝ ያሻግራችሁ!»

«አሚን!»

«ድምፃችሁን ለእኔ ይስጥልኝ!»

«አሚን!»

ጀማል ፊቱን በመዳፉ ዳበሰ፣ «አላህ ይስጥልኝ» አለና ወጣ። በሩ ተዘጋ። ሞገስ ጥንቅሹን ማኘክ አቆመ፤ ይህን በሁለት ዓመት ውስጥ አይቼ አላውቅም።

«ምንድን ነው ያልነው?» አለች ሐዋ ቀስ ብላ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጩኸት አትጠይቁኝ። አንድ ሰው ለተመረቀው «አሚን» ብሎ መልሶ ከካደ ምርቃቱ ይገለበጣል፤ ይህን የማያውቅ በራያ ምድር የለም። እንግዲህ አስቡት፦ ከከዳነው ክፉ ዓይን ሊያየን ነው፣ የማናውቀው ጥያቄ ሊደጋገምብን ነው፣ ወፉ ማሽላውን ሊጨርሰው ነው። ማትሪኩንማ አታንሡት።

ሁሉም ለየራሱ ማምለጫ ፈለገ። ትርሐስ፣ ወላጆቿ ከትግራይ በኩል መጥተው ቆቦ የሚነግዱ፣ ተነሥታ፣ «እኔ ያልኩት 'አሜን' ነው። እናንተ ያላችሁት 'አሚን' ነው። ስለዚህ እኔን አይመለከተኝም» አለች።

«ፈጣሪ ፊደል አራሚ ነው እንዴ?» አላት አንዱ።

ሞገስ ደግሞ፣ «አፌ በጥንቅሽ ሞልቶ ስለነበር እኔ ያልኩት 'እምን' ነው» አለ።

«በልብህስ?»

«በልቤ… በልቤማ ስለ ወፉ ስሰማ ደህና አድርጌ አሚን ብያለሁ» ብሎ ተቀመጠ። እርሻ አላቸው።

ሐዋ ግን ደብተሯን እየገለጠች ትዘጋለች። የምርጫው ቀን ሐሙስ ነው። ድምፃችንን ለጀማል ከሰጠን ጠዋት መግባት የለም፤ ካልሰጠነው ደግሞ ስልሳ አምስት ሰው የተገለበጠ ምርቃት ተሸክሞ ሊኖር ነው። «በኔ የተነሣ ማንም እርግማን አይሸከምም» አለችኝ በጆሮዬ። «ለጀማል ስጡት።» ይህን ስትል አለማልቀሷ ነው ያስለቀሰኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ሐዋና ሞገስን ይዤ ወደ አባ ይመር ሄድኩ። አባ ይመር የሰፈራችን የቦኖ ውሃ ጠባቂ ናቸው። ኒም ዛፉ ሥር ተቀምጠው የጀሪካን ሰልፍ ያስከብራሉ። ጀሪካን ያላጣላው ሰው ስለሌለ፣ የማስታረቅ ልምዳቸው ከዚያ ነው የጀመረው ይባላል፤ ዛሬ የድንበርም የትዳርም ጠብ የሚመጣው ወደሳቸው ነው።

«አባ ይመር፣ እንደምን አደሩ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ልጆቼ። ጀሪካናችሁስ?»

«ውሃ ፈልገን አይደለም አባ። አሚን ተመላሽ ይሆናል ወይ ብለን ነው።»

ሰልፉ ላይ ያሉት ሴቶች ሁሉ ዘወር አሉ። አንዷ ጀሪካኗ ሞልቶ እየፈሰሰ መሆኑን ረሳች።

አባ ይመር ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ ቁጭ በይና ከሥሩ ንገሪኝ። የተባለውን ቃል በቃል። ምርቃት እንደ ውል ነው፤ ፊደል አይጨመርበትም፣ አይቀነስበትም።»

ነገርኳቸው። ስለ ፀሐዩ፣ ስለ ወፉ፣ ስለ ማትሪኩ፣ ሁሉንም። የመጨረሻውን ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ። 'ድምፃችሁን' ነው ያለ?»

«አዎ አባ።»

«'ወረቀታችሁን' አላለም?»

«አላለም።»

«'ምልክታችሁን'? 'ምርጫችሁን'?»

«አላለም አባ። 'ድምፃችሁን' ብቻ።»

አባ ይመር በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉት። ከዚያ ፈገግ ሲሉ ከፊት ያለችው አንዲቷ ጥርሳቸው ታየች።

«ድምፅ ምንድን ነው?» አሉ። «ከጉሮሮ የሚወጣ ነዋ! ጠየቃችሁ፣ አሚን አላችሁ፣ ዕዳ አለባችሁ። በሉ ድምፃችሁን ስጡት። ወረቀቱን ማን ጠየቃችሁ?»

«አባ ይመር!» አለች አንዷ ሴት ከሰልፉ። «እንዲህ ዓይነቱማ ማጭበርበር ነው!»

«አንቺ ተራሽን ጠብቂ! ያጭበረበረስ ልጁ ነው፤ ምርቃት መሀል ጉዳዩን ሸጉጦ ያስገባ። አያቱን አውቃቸዋለሁ፤ ይህን ቢሰሙ ከዘራቸውን ነበር የሚያነሡበት።» ወደኛ ዞሩ። «ግን አደራ ልጆቼ። ድምፁን እንዳትሰስቱበት። ግማሽ ድምፅ የሰጠ፣ አሚኑን እንደበላ ይቆጠራል። ጉሮሯችሁ እስኪደርቅ!»

ሐዋ የአባ ይመርን ጉልበት ስማ ተነሣች። ሞገስ ደግሞ ኪሱ ውስጥ የነበረችውን የመጨረሻ ጥንቅሽ አበረከተላቸው። በአንድ ጥርስ ምን እንደሚያደርጉባት አላሰበም።

ሚስጥሩን ለክፍላችን ብቻ ነገርን። ለሰላምም አልነገርናትም። ቆቦ ውስጥ ወሬ ከባጃጅ ይቀድማል፤ ጀማል ከሰማ «ወረቀታችሁንም» ብሎ ሌላ ምርቃት ይዞ ይመጣብናል።

ረቡዕ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጠዋቶቹ ሲወጡ እኛ ስንገባ፣ የመጨረሻው ቅስቀሳ ሜዳው ላይ ሆነ። ሰባቱም ስቴቶች ተሰልፈዋል። መጀመሪያ ሰላም ተናገረች። እኛ ድምፃችንን ስለቆጠብን፣ ለወጉ ያህል በጣታችን ጫፍ አጨበጨብን። ሰላም ወደኛ አየች። ያን አስተያየቷን እስካሁን አልረሳሁትም።

ከዚያ ጀማል ወጣ። ገና «ወንድሞቼና እህቶቼ» ከማለቱ አስረኛ ዲ ፈነዳች።

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጥነው። ወንዶቹ አፏጩ፣ ደነፉ። ሶለል በሚባለው የልጃገረዶች ጭፈራ ላይ ከበሮ የምትመታዋ ትርሐስ የማርያምን ጀሪካን ገልብጣ መምታት ጀመረች። (ማርያም የዘበኛችን ልጅ ናት፤ ጀሪካኗን ለማስመለስ ትርሐስን ሦስት ቀን ለምናታለች።) እኔ ሞኒተሯ ደግሞ፣ በሌሊት የገጠምኩትን አወጣሁት፦

«ጀማል በለው፣ ጀማል በለው፤
ድምፃችንን እንካ፣ ይኸው ተቀበለው!»

ስልሳ አራት ሰው ተቀበለኝ። አደራ ብለውናልና ማንም አልሰሰተም። የግቢው ዘበኛ ጠብ የተነሣ መስሏቸው ዱላ ይዘው መጡ። አስፋልቱ ላይ ባጃጆች ቆሙ። ወደ ጎረቤት ከተማ ወደ ዋጃ የሚሄድ አንድ ሚኒባስ ውስጥ ያሉ ሰዎች ሰርግ ነው ብለው በመስኮት እልል አሉልን። ሐዋ፣ ክፍል ውስጥ መልስ ስትመልስ እንኳን «ከፍ አድርጊው» የምትባለው ሐዋ፣ የአንገቷ ሥር ተገታትሮ ትጮሃለች። የማይመርጡት ሰዎች እንዲህ የጮኹለት መሪ በዓለም ላይ ይኖራል ብዬ አላምንም። ጀማል እንባው መጣ። እውነቴን ነው፣ በእጅጌው ጠረገው።

ዕዳችንን ከፍለን፣ ቀለል ብሎን ክፍል ገባን። ያላሰብነው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቲቸር አበራ በትክክል አስተምሮናል፤ ወላዋይዋ ስቴት ወዴት እንደምታዘነብል አገር ሁሉ ጆሮውን ይቀስራል። ቀስሮ ነበር። ጆሮ መቀሰርም አላስፈለገውም፤ ዋጃም ሳይሰማን አልቀረም።

ሐሙስ ጠዋት ስድስቱ ክፍሎች መረጡ፣ ወዲያውም ተቆጠረ። እኛ ሰባት ሰዓት ላይ ስንደርስ በሩ ላይ የጠበቀን የቢ ተማሪ ነው።

«እንኳን ደስ ያላችሁ! የናንተው ሰው ስድስቱንም ጠቀለለ!»

«የኛ ሰው ማን?»

«ጀማል ነዋ!»

«እናንተ ለሰላም አልነበራችሁም?» አልኩት።

«ነበርን። ግን ዲ ከሄደች አለቀ ተባባልን። ከተሸናፊ ጋር ሆነን ከፕሬዝዳንቱ ጋር ከምንኳረፍ…» ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ።

አያችሁልኝ? ጀማልን ፕሬዝዳንት ያደረግነው እኛ ነን፤ ገና አንድ ወረቀት ሳንነካ! ክፍል ገብቼ ዴስኬ ላይ ተደፋሁ። ሐዋ አጠገቤ ተቀመጠች። «ይቅር፣ አብሽሪ» ልትለኝ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። ድምፅዋ ከረቡዕ ጀምሮ ጠፍቷል። በከንፈሯ ብቻ ነው የምትናገረው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ዓይኗን ተክላ ስታይ፣ ሰሌዳውን የምትሰናበተው መሰለኝ።

በሩ ተበረገደና ጀማል ገባ። ፊቱ ያበራል።

«ዲዎች! የኔ ዲዎች! ትናንት እናንተ ባትጮኹ ኖሮ አላሸንፍም ነበር። እናንተን የማመሰግንበት ነገር ንገሩኝ። ምን ላድርግላችሁ?»

ሁላችንም ተያየን። የተነሣሁት ሞኒተር ስለሆንኩ አይደለም፤ ሐዋ በክርኗ ስለወጋችኝ ነው። «ጠዋት መግባት እንፈልጋለን» አልኩ። «ከቤተ ሙከራው ጀርባ፣ ዴስክ የታጎረበት ክፍል…»

«ይኸው ነው?» አለ ጀማል። «ይኸው ብቻ? አሁኑኑ!» ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ሲሮጥ ጫማው ሲጠፈጠፍ ሰማነው።

እሱ በዚያ ሲወጣ ቲቸር አበራ ካርቶን ሳጥን ታቅፎ በዚህ ገባ። «ውጤቱ ቢታወቅም» አለ በኩራት፣ «እያንዳንዱ ስቴት መቆጠር አለበት። ሥርዓት ነው።» ወረቀት አደለን።

እስክሪብቶዬን ይዤ አሰብኩ። በልባችን ለሰላም ቃል ገብተናል፤ ትናንት በጣታችን ጫፍ ስናጨበጭብላት ያየችንን አስተያየት አሰብኩ። ጀማልም ድምፁን ተቀብሏል፤ ዕዳ የለብንም። ጻፍኩ። ሁሉም ጻፈ። ማንም የማንንም አላየም።

ቲቸር አበራ እየከፈተ ጮክ ብሎ ያነባል። «ሰላም። ሰላም። ሰላም። ሰላም…» እንዲህ እያለ ሲሄድ ጸሎት የሚያደርስ መሰለ። ስልሳ አምስተኛውን ከፈተ። «ሰላም። ሰላም ስልሳ አምስት፤ ጀማል…» ሳጥኑን ገልብጦ አራገፈው። «ጀማል ዜሮ።»

በሩ ላይ የቆመውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ጀማል። በእጁ የርእሰ መምህሩ ማኅተም ያለበት የፈቃድ ወረቀት።

«ዜሮ?» አለ።

ቲቸር አበራ ሳጥኑን ዳግመኛ አራገፈው።

«አንድ ሰው እንኳን? አንድ?» ወረቀቱን ጨበጠው፤ ሲኮማተር ድምፁ ተሰማኝ። የሐዋ ጎብዬ፣ የሐዋ ሒሳብ፣ የሐዋ አባት ነፍስ፣ ሁሉም እዚያ ጭብጥ ውስጥ ነበር።

ሐዋ ተነሣች። ስልሳ አራታችንም እያየናት ወደ ፊት ሄደች፤ ይህን አድርጋ አታውቅም። እጁን ሳትነካ ወረቀቱን በጣቷ አመለከተችና መናገር ጀመረች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል እንጂ የሚሰማ ነገር የለም።

«ምን እያለች ነው?» አለ ጀማል። «ድምፅሽ ምን ሆነ?»

«ድምፅዋንማ ላንተ ሰጠችው» አልኩት ከመቀመጫዬ። «ትናንት። ሙሉውን።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት። ምርቃቱን፣ አባ ይመርን፣ ጎብዬን፣ አስፋልት ዳር የሚቆሙትን አባት። እየሰማኝ ጆሮው ቀላ። ስጨርስ የመጀመሪያው ዴስክ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ። «ያን ቀን ስመጣ ብትነግሩኝ እኮ እኔም…»

«አልጠየቅከንማ!» አለ ሞገስ ከኋላ፣ ጉንጩ ሞልቶ። «መረቅከን እንጂ!»

ቲቸር አበራ መሳቅ ጀመረና በሳጥኑ ፊቱን ሸፈነ። ጀማል ግን አልሳቀም። «አያቴ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሰው ሳይመርቁ በፊት 'ምን ቸገረህ?' ብለው ይጠይቃሉ። እኔ የያዝኩት የመጨረሻውን ብቻ ነው።» የተኮማተረውን ወረቀት ጭኑ ላይ አድርጎ በመዳፉ አስተካከለው፣ ደጋግሞ፣ እንደ ሸሚዝ። ከዚያ ለሐዋ ሰጣት።

ዴስኮቹን ቅዳሜ ራሳችን አወጣን። ጀማል መጣ፤ ሰላምም መጣች። ሰላም አንዱን ዴስክ በአንድ ጫፍ ይዛ፣ «በጣታችሁ ጫፍ አጨብጭባችሁ በሙሉ እጃችሁ የምትመርጡ ጉዶች!» አለችን። አልተቀየመችንም፤ ወይም ተቀይማ ከሆነ የከበዱትን ዴስኮች ለኔ በመተው ተበቅላኛለች።

ጠዋት በገባንበት በመጀመሪያው ቀን፣ ስንወጣ የሐዋ አባት በር ላይ ቆመው አገኘናቸው። እውነት በዚህ ሰዓት መልቀቃችንን በዓይናቸው ሊያዩ ነው የመጡት። ሰዓታቸውን አዩ፣ ፀሐይዋን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ።

«አንቺ ነሽ ሞኒተሯ?» አሉኝ።

«አዎ አባቴ።»

«ይህን የጠዋቱን ያመጣላችሁ ፕሬዝዳንታችሁ ነው አሉ። አላህ ዕድሜ ይስጠው። መቼም ሁላችሁም እሱን ነው የመረጣችሁት?»

ሐዋን አየኋት። ሐዋ አስፋልቱን አየች።

«አይ… እኛስ አልመረጥነውም አባቴ።»

«አልመረጣችሁትም?»

«አንዳችንም።»

የሚኒባሱ ረዳት «ጎብዬ! ጎብዬ! ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ይጮሃል። የሐዋ አባት ነገሩን ትንሽ አመነዠኩት።

«ያ ረብ!» አሉ በመጨረሻ። «ያልመረጣችሁት እንዲህ ካደረገ፣ የመረጣችሁት ቢያሸንፍማ ጎብዬ ድረስ በእቅፉ ሊያደርሳት ነበር!»

ሐዋን አስቀድመው አስገቡ፣ ተከትለው ገቡ፣ በሩን ዘጉት። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች።